«ይገነዘባል» ስለምትባል ግሥ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በየትምህርቱ መጀመሪያ ሰሞን በሚታደለን ወረቀት ላይ፥ ከመጻሕፍቱ ዝርዝር ከፍ ብሎ፥ «ዓላማ» የሚል ርእስ አለ። ከሥሩም «ተማሪው የአፈርን መሸርሸር ይገነዘባል» የሚል ዓይነት ቃል ይገኛል።

መገንዘብ በልብ ውስጥ የሚሆን ነገር ስለ ሆነ መምህሩ ሊያየው፥ ተማሪውም ራሱን ሊመዝንበት አይችልም። ስለዚህ አንዱ ተማሪ ትርጓሜ ሲሸመድድ ያድራል፤ ሌላው ምክንያቱን ሲመረምር ያድራል፤ ፈተናው ግን «በዚህ ተዳፋት ላይ የእርከን ቦታ ምረጡ» ብሎ ይመጣል። ውጤቱ ሲለጠፍ ሰነፍ የሚባለው ተማሪው ብቻ መሆኑ ፍትሕ አይመስለኝም።

አሜሪካዊው ሮበርት ሜገር በ1962 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ሦስት ነገር እንዲጻፍ መክሯል፤ ይኸውም ተማሪው ምን እንደሚሠራ፥ በምን ሁኔታ እንደሚሠራ፥ ምን ያህል ሲሠራ እንደሚበቃው ነው። በዚህ መሠረት ያችን ዓላማ ብናርማት፥ «የአንድ ተዳፋት ካርታ ሲሰጠው፥ ተማሪው እርከን የሚያስፈልጋቸውን ሦስት ቦታዎች ያመለክታል፤ ለያንዳንዱም ምክንያቱን ይጽፋል» ትሆናለች። ይህን የጻፈ መምህር ፈተናውን በግማሽ አወጣ ማለት ነው።

ነገሩ የባሕር ማዶ ፈሊጥ ነው የሚል ቢኖር ወደ ቅኔ ቤት ይመልከት። እዚያ ተማሪው ቅኔን ተገንዝቧል ተብሎ አይታለፍም። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የት እንደ ደረሰ ጓደኞቹ ሁሉ ያውቃሉ።

አንዳንድ መምህራን ይህ አሠራር ትምህርትን ያጠባል ይላሉ። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ «ይዘረዝራል» ለመጻፍም ለማረምም ቀላል ስለ ሆነ ዓላማውን ሁሉ በዝርዝር መሙላት ይቻላልና። ዳሩ ግን ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 እ.ኤ.አ. ካወጧቸው ስድስት ደረጃዎች ማስታወስ የመጀመሪያው ብቻ ነው። ማነጻጸር፥ መተንተን፥ መፍረድም የሚታዩ ሥራዎች ናቸው።

እንግዲህ የማኅበሩ ተወካዮች የሚመጣው መንፈቅ ወረቀት ከመባዛቱ በፊት ከየክፍሉ መምህራን ጋር ተቀምጠው፥ «ይገነዘባል» በተጻፈበት ሁሉ «ምን ሲሠራ ታዩታላችሁ?» ብለው በትሕትና እንዲጠይቁ አሳስባለሁ። ከጂኦግራፊ ክፍል ብንጀምር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ካርታው እዚያው አለ።