የበላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የበታቹን ስለ ማሰሩ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



የመንዝ፥ የግሼና የመርሐ ቤቴ ሰው ርስቱንም ክብሩንም በሙግት ሲያስከብር የኖረ ነው። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ፤ ይኸውም ከመረታት ይልቅ ያለ አግባብ መነጠቅ ያንገበግባል ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ዓይነት ጉዳይ በመሐል ሜዳ አንድ ፍርድ፥ በዓለም ከተማ ሌላ ፍርድ ቢሰጥበት፥ ሕግ አለን ለማለት እንችላለንን?

ክርክራችን የሚጀመረው በወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ይግባኙ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፥ እንደ ነገሩም ሁኔታ ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በመጨረሻው ፍርድ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት ከተባለ፥ ጉዳዩ አዲስ አበባ ወዳለው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሊደርስ ይችላል።

በ1955 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 195 የበላይ ፍርድ ቤቶች በሕግ ነጥብ የሰጡት ውሳኔ የበታቾቹን እንዲያስር ደንግጎ ነበር። ዳሩ ግን ውሳኔው ታትሞ ያልደረሰው ዳኛ እንዴት አድርጎ ይከተለዋል? በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454፥ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የፌዴራልንም የክልልንም ፍርድ ቤቶች እንዲያስር፥ ውሳኔውም ታትሞ እንዲሠራጭ አዘዘ። በ2013 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1234ም ይህንኑ አስገዳጅነት አጸና።

ነገር ግን የሚያስረው ምንድን ነው? ሁለት ወንድማማች በውርስ ተካሰው ሰበር ደረሱ እንበል። ሌላውን ዳኛ የሚያስረው «ታላቁ ረታ» የሚለው ሳይሆን፥ ችሎቱ «የሕጉ አንቀጽ ትርጉም እንዲህ ነው» ብሎ የፈታው ቃል ነው። ምስክር መስማትና ማስረጃ መመዘን የየዳኛው ሥራ ሆኖ ይቀራል።

የበላዩ ቢሳሳትስ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የላይኛው ስሕተት እስከ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ሰባት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት የቀድሞውን ትርጉም ሊለውጥ ይችላል። እስኪለወጥ ድረስ ግን ለሀብታሙም ለድኻውም አንድ ነው።

የሰበር ውሳኔዎች በአማርኛ በየቅጹ ታትመዋል። እኛ ፊደል የቆጠርን ልጆች ለወላጆቻችን ብናነብላቸው፥ ገበሬው «እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት እንዲህ ተፈርዷል» ብሎ በዳኛ ፊት በድፍረት ይቆማል። የትምህርታችን አንዱ ፍሬ ይህ ይሁን።