ኮከቡ ሲሞት አድናቂው ምን አጣ?



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይስፈን።

ውድ አድማጮቻችን! የዛሬው ርእሳችን ለአንዳንዶቻችሁ ለዚህ ፕሮግራም እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ታዋቂ ሰዎች፣ በተለይም ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃ ከዋክብትና ስለ አድናቂዎቻቸው እንነጋገራለን። ስለ ሙዚቃ ሸሪዓዊ ሑክም ዑለሞች በሰፊው የተናገሩ በመሆኑ ዛሬ ወደዚያ አንገባም። የዛሬው ጥያቄያችን ሌላ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች አንድም ቀን በአካል ላላገኙት ሰው ልባቸውን የሚሰጡት ለምንድን ነው? ከእርሱ ምን ያገኛሉ? ሲሞትስ ምን ያጣሉ? ይህን መመርመር የሚያስፈልገን የልጆቻችንም ልብ እዚያው ሊሆን ስለሚችል ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2009 ማይክል ጃክሰን በሎስ አንጀለስ ከተማ በ50 ዓመቱ ሞተ። ዜናው በተሰማ በሰዓታት ውስጥ የኢንተርኔት መስመሮች ተጨናነቁ። ከ12 ቀናት በኋላ ጁላይ 7 ቀን በተዘጋጀው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ ለመገኘት ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ለዕጣ ተመዘገቡ። የተዘጋጀው የመግቢያ ወረቀት ግን 17,500 ብቻ ነበር። ከዚያው ክረምት ጀምሮ ለንደን ውስጥ ሊያቀርባቸው ላሰባቸው 50 ዝግጅቶች ትኬት የገዙ ሰዎች ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ወይም ትኬቱን ለማስታወሻ እንዲወስዱ ምርጫ ሲሰጣቸው፣ ብዙዎቹ ከገንዘቡ ይልቅ ወረቀቱን መረጡ።

በሆሊውድ መንገድ ላይ የታዋቂ ሰዎች ስም በኮከብ ቅርጽ ተቀርጾ መሬት ላይ ይነጠፋል። ማይክል ጃክሰን በሞተበት ቀን የእርሱ ኮከብ ለአንድ ፊልም ምረቃ በተነጠፈ ምንጣፍ ተሸፍኖ ነበር። አድናቂዎቹ አበባቸውን ይዘው ሲመጡ ቦታውን አጡ። በመጨረሻም በዚያው መንገድ ሌላ ቦታ ወዳለው፣ ስሙ ከዘፋኙ ጋር አንድ ወደሆነ የአንድ ሬዲዮ አቅራቢ ኮከብ ሄደው አበባውን እዚያ አኖሩ፤ እዚያም አለቀሱ። ይህን ስንሰማ ፈገግ ልንል እንችላለን። ነገር ግን ነገሩ ቆም ብሎ ለሚያስብ ሰው ያሳዝናል። ፍቅር ሞልቶ ፈሰሰ፤ የሚያርፍበትን ቦታ ግን ሳተ።

ወንድሞችና እህቶች! ይህን ሁሉ “የዘመኑ እብደት ነው” ብሎ ማለፍ ይቀላል። ፍትሐዊ ግን አይደለም። ከእብደቱ ሥር እውነተኛ ጥማት አለና።

ማይክል ጃክሰን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1958 በኢንዲያና ግዛት ጌሪ በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ነው። አባቱ በፋብሪካው የክሬን ሠራተኛ ነበር። ዘጠኝ ልጆች የነበሩት ቤተሰብ ሁለት መኝታ ክፍል ባላት ትንሽ ቤት ይኖር ነበር። ያን ጊዜ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ጥቁር ሰው ነጮች በሚመገቡበት ምግብ ቤት ገብቶ መቀመጥ አይችልም ነበር። በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ሰውን በዘር መለየት የከለከለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ጥቁር ልጅ በፊልም የሚያየው ጥቁር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወይ አገልጋይ ወይ መሳቂያ ነበር። ኤም.ቲ.ቪ. የተባለው የሙዚቃ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲከፈት እንኳ የጥቁሮችን ሥራ እምብዛም አያሳይም ነበር፤ በ1983 ያን በር በሰፊው ካስከፈቱት መካከል ዋናው ይኸው የጌሪ ልጅ ነው። ስለዚህ ለአንድ ጥቁር ልጅ ያ ሰው ዘፋኝ ብቻ አልነበረም። “እኔን የሚመስል ሰውም ይከበራል” ለማለት የሚያሳየው ማስረጃው ነበር።

ከእርሱ በፊትም ይህ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ጊዜ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች በቁጣ ነደዱ። በማግስቱ በቦስተን ጄምስ ብራውን የሚዘፍንበት ዝግጅት ነበር። የከተማዋ አስተዳደር ዝግጅቱ በቴሌቪዥን በቀጥታ እንዲተላለፍ አደረገ፤ ሕዝቡም ቤቱ ተቀምጦ ተመለከተ፤ ከሌሎቹ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር ቦስተን ተረጋግታ አደረች። ያዘነው ሕዝብ ከባለሥልጣን ንግግር ይልቅ ሐዘኑን የሚያውቅ የወገኑን ድምፅ ሰማ።

ነገሩ እኛንም ይነካል። በ1977 ዓ.ም. አገራችን በረሃብ በተመታች ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ሌሊት ከ40 የሚበልጡ ድምፃውያን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተሰብስበው አንድ ዜማ ቀረጹ። ሐሳቡን ያመነጨው ሃሪ ቤላፎንቴ፣ ደራሲዎቹ ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ፣ አዘጋጁ ኩዊንሲ ጆንስ ነበሩ፤ አራቱም ጥቁሮች ናቸው። ከዚህም ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለእርዳታ ተሰበሰበ። መልካም የሠራን ሰው መልካም ሠራ ማለት ከዲናችን ነው። ሰዎችን የማያመሰግን አላህንም እንደማያመሰግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

እንግዲህ አድናቂው የሚፈልገው ነገር ከንቱ አይደለም። ክብርን፣ መጽናናትን፣ “ብቻህን አይደለህም” የሚለውን ቃል ይፈልጋል። ጥያቄው ይህን ሁሉ አንድ ሰው ሊሸከመው ይችላል ወይ? የሚለው ነው።

አልቻለም፤ ማይክል ጃክሰንም አልቻለም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በመድረክ ላይ ስላደገ እንደ ልጅ ተጫውቶ እንዳላደገ ራሱ በተደጋጋሚ ተናግሯል። የቆዳው ቀለም እየነጣ ሲሄድ ብዙዎች “ዘሩን ካደ” አሉት። እ.ኤ.አ. በ1993 ቆዳን የሚያነጣ ሕመም እንዳለበት በቴሌቪዥን ተናገረ፤ ከሞተ በኋላ የተደረገው የአስከሬን ምርመራም ይህንኑ አረጋገጠ። የአንድ ሰው ቆዳ እንኳ የራሱ መሆኑ ቀርቶ የሚሊዮኖች መከራከሪያ ሆነ። የሞተውም እንቅልፍ ፍለጋ ነው። ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ የሚሆን ኃይለኛ መድኃኒት መኝታ ቤቱ ውስጥ ይሰጠው ነበር፤ የግል ሐኪሙም በዚሁ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2011 ጥፋተኛ ተባለ። አስቡት እስኪ! የእርሱን ሥዕል ከራስጌያቸው የሰቀሉ ልጆች በየአገሩ ተኝተው ሲያድሩ፣ እርሱ ግን ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነፍሱን ከፈለ። ዊትኒ ሂውስተን እ.ኤ.አ. በ2012 በ48 ዓመቷ፣ ፕሪንስ በ2016 በ57 ዓመቱ ሲሞቱም ምርመራው በሁለቱም ሰውነት ውስጥ አደገኛ ዕፅና መድኃኒት አግኝቷል። ጭብጨባው ከውጭ ነው፤ ልብ ውስጥ አይገባም።

ፍቅር ልክ ሲያጣ ሌላም ነገር ያበላሻል፤ ሚዛንን ያበላሻል። ማይክል ጃክሰን ሕፃናትን በደለ ተብሎ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2005 ፍርድ ቤት ከሁሉም ክሶች ነፃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሁለት ሰዎች በልጅነታችን በድሎናል ብለው በዘጋቢ ፊልም ተናገሩ፤ ቤተሰቦቹም አስተባበሉ። እውነቱን አላህ ያውቃል። እኛን የሚመለከተን ግን ከአድናቂዎቹ አንዳንዶቹ ያደረጉት ነው። ነገሩን ሳይመረምሩ ተናጋሪዎቹን መሳደብ፣ ማዋረድ ጀመሩ። የምንወደው ሰው ሲከሰስ ጆሯችን የሚደፈን ከሆነ ያ ፍቅር ወደ ባርነት ተሻግሯል። አላህ (ሱ.ወ) በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ ቢሆን እንኳ በፍትሕ እንድንቆም አዞናል። በዘፋኝማ እንዴት አይሆን?

ውድ አድማጮች! አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። ከሰው ልጅ ሁሉ በላይ የተወደዱት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። ሕፃኑ ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ጨለመች። ሰዎችም “ለኢብራሂም ሞት ጨለመች” አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ በተቀበለው ነበር። እሳቸው ግን በሐዘናቸው መካከል ተነስተው፣ ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ተዓምራት እንደሆኑና ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጨልሙ አስተማሩ። ዓይናቸው አነባ፤ ልባቸው አዘነ፤ ሐዘናቸው ግን ከልኩ አላለፈም።

እሳቸው ራሳቸው ያረፉ ዕለት ደግሞ ዑመር (ረ.ዐ) ሞታቸውን መቀበል አቅቷቸው “አልሞቱም” እያሉ ሰውን አስፈራሩ። ዛሬ “ኮከባችን አልሞተም፤ ተደብቆ ነው” የሚሉ አድናቂዎችን ስንሰማ ከመሳቃችን በፊት ይህን እናስታውስ። ከባድ ፍቅር ታላላቆችንም አናግሯል። ያን ጊዜ አቡበክር (ረ.ዐ) ወጥተው ሙሐመድን ያመልክ ለነበረ ሙሐመድ እንደሞቱ፣ አላህን ለሚያመልክ ግን አላህ ሕያው እንደሆነና እንደማይሞት ተናገሩ። ዑመርም ሰምተው ተመለሱ። አቡበክር ከማንም ያነሰ ፍቅር ስለነበራቸው አይደለም። ፍቅራቸው ማረፊያውን ስለሚያውቅ እንጂ።

የጥቁር ሰውን ክብር ለሚፈልግ ወጣትም የሐበሻው ልጅ ቢላል (ረ.ዐ) አሉለት። መካ ውስጥ በባርነት በጋለ አሸዋ ላይ ተንጋለው፣ ድንጋይ ተጭኗቸው የተሠቃዩት ሰው፣ መካ በተከፈተች ዕለት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ ከዕባ ላይ ወጥተው አዛን አሉ። የቁረይሽ መኳንንት ከታች ሆነው ሰሙ። ከዚህ የበለጠ ምን መድረክ አለ? ነገር ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። የቢላል ድምፅ ሰውን ወደ ቢላል አልጠራም፤ ወደ አላህ ጠራ እንጂ። ስለዚህ ያ ድምፅ ጠሪውንም ተጠሪውንም አከበረ፤ ማንንም አልሰበረም።

ይህን ምስጢር የተረዳ የዘመናችን ጥቁር ዝነኛ ሙሐመድ ዓሊ ነው። የቡጢ ሻምፒዮኑ በሆሊውድ መንገድ ላይ ኮከብ እንዲቀረጽለት ሲወሰን፣ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስም የያዘ ስም በእግር እንዲረገጥ አልፈልግም አለ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2002 የተሰጠው ኮከብ መሬት ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የዝናው ሁሉ ማሳያ በሆነው ቦታ ላይ ከራሱ በላይ የሚያከብረው እንዳለ አሳየ።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ የአንድ ዝነኛ ሥዕል ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ብታገኙት ቀድዳችሁ ከመጣላችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡና “ምኑን ወደድከው?” ብላችሁ ጠይቁት። ምናልባት “ድሃ ነበር፤ ተነሳ” ይላችሁ ይሆናል። ምናልባትም “ጥቁር ነው፤ እንደኔ” ይላችኋል። መልሱ ልጃችሁ ምን እንደጎደለው ይነግራችኋል። ወረቀቱን ብትቀዱት ጥማቱ አይቀደድም፤ ሌላ ወረቀት ይፈልጋል። የጎደለውን ግን እናንተ፣ ቤታችሁና መስጂዳችሁ ልትሞሉት ትችላላችሁ። የቢላልን ታሪክ “አትስማ፣ አታድርግ” ከማለታችሁ በፊት ንገሩት።

ወጣቶች ሆይ! የሰውን ችሎታና መልካም ሥራ ማድነቅ አንድ ነገር ነው። ልብን አሳልፎ መስጠት ግን ሌላ ነው። ሰው ከወደደው ጋር እንደሚሆን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ስለዚህ ከማን ጋር መሆን እንደምትፈልጉ ዛሬ አስቡበት። ለምትወዱትም ሰው እዘኑለት፤ እርሱም እንደናንተ የሚደክም፣ የሚታመም፣ እንቅልፍ የሚያጣ የአላህ ባሪያ ነውና።

አላህ (ሱ.ወ) ፍቅራችንን በልኩ የሚያደርግልን፣ ልጆቻችንን በክብር የሚያሳድግልን፣ በሞት የማይቋረጥ ውዴታ የሚሰጠን ያድርገን። አሚን።