ስለ ሳርዲኒያ ዘፈንና ጭፈራ፤ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ



ባለፈው ነሐሴ ሦስት ሆነን ወደ ኢጣሊያ በሄድን ጊዜ ባሕር ተሻግረን በሳርዲኒያ ደሴት፣ ባርባጃ በተባለው ተራራማ የእረኞች አገር፣ በኑኦሮ ከተማ የሚደረገውን ዓመታዊ በዓል ለማየት በቅተናል።

በመጀመሪያው ምሽት አራት ወንዶች ከመድረክ ወጥተው ካንቱ አ ቴኖሬ የሚባለውን ዘፈን አሰሙ። ቦኬ የሚባለው ግጥሙን ይመራል፤ ባሱና ኮንትራ ከጉሮሮ በሚወጣ ሻካራ ድምፅ ይቀበሉታል፤ ሜዙ ቦኬ ከላይ ሆኖ ያስጌጠዋል። ባገሩ እንደሚባለው ባሱ የበሬን፣ ኮንትራ የበግን፣ ሜዙ ቦኬ የነፋስን ድምፅ የተከተለ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በድምፅ ማጉያው የደረሰን በሬው ብቻ ስለ ነበረ አንዱ ጓደኛችን ሳቁን መያዝ አቃተው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህንን ነውን? እያልን ወደ ማደሪያችን ተመለስን።

በማግሥቱ ከአንዲት ጠባብ መጠጥ ቤት ገባን። አራት ሰዎች ፊታቸውን ወደ እኛ ሳይሆን እርስ በርስ አዙረው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል። ባሱ ሲጀምር በእጃችን የያዝነው ብርጭቆ ነዘረ። ትናንት የሳቀው ጓደኛችን አንገቱን ደፍቶ ያዳምጥ ጀመር። ዘፈኑ የሚዘፈነው ለዘፋኞቹ ለራሳቸው መሆኑን ያስተዋልነው ያን ጊዜ ነው። ለጎብኚ ተብሎ ከመድረክ ሲወጣ ይህ መቀራረብ ይጠፋል፤ የእረኝነት ኑሮም እየቀነሰ ስለ ሄደ ሥጋቱ ቀላል አይደለም።

ላውኔዳስንም ሰምተናል፤ በአንድ አፍ የሚነፉ ሦስት የሸምበቆ ቧንቧዎች ናቸው። ነፊው በአፍንጫው አየር እየሳበ በጉንጩ ያጠራቀመውን ስለሚገፋ ድምፁ አይቋረጥም።

ጭፈራው፣ ባሉ ቱንዱ፣ ክብ ሠርተው እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚጨፍሩት ነው። እግር ይፈጥናል፤ ከወገብ በላይ ግን ሰውነት ጸጥ ይላል። እኛ ደግሞ ያደግነው በእስክስታ ነው! ገና ከመግባታችን ትከሻችን ተነሣ፤ ክንድ ለክንድ የተያያዘው ክብም ከዳር እስከ ዳር ተናወጠ። በአጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት ሳይቆጡ ክንዳችንን በክንዳቸው አጥብቀው ያዙና በዓይናቸው እግራቸውን አመለከቱን። ከዚያ ወዲያ እስከ ሌሊት አልወጣንም።

በመጠጥ ቤቱ የቀዳነውን ድምፅ አሁን እናሰማችኋለን። ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የብርጭቆ ኳኳታም አለበት። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠግተን በቴፑ ዙሪያ ብንቆም መልካም ነው።