ከደብረ ብርሃን እስከ ወፍ ዋሻ

ዛፎችን በአንድ ግቢ አሰባስቦ ማጥናት ሲነሳ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከከተማ አስተዳደሩ ጋር ያቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይታወሰናል። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ለሚጓዝ ግን መንገዱም ያስተምራል።

በደብረ ብርሃን ዙሪያ የሞላው ነጭ ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው፤ ባሕር ዛፍ ወደ ሀገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ለጋ ቅጠሉን ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ ሰፊ፣ ግራጫማ ሰማያዊ፣ በጣት ሲዳሰስ የሚለቅ ሰም የለበሰ። ዛፉ ሲያድግ ቅጠሉ ጠቦ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። ከብት አይበላውም፤ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ገበሬው የወደደው ለዚህ ነው።

በአንኮበር አካባቢ ባለው የወፍ ዋሻ ደን ግን የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ወይራ ዛሬም አሉ። እነዚህ በዝግታ ነው የሚያድጉት፤ ችግኛቸው ለዓመታት ከከብት መጠበቅ አለበት። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ወስዳችሁ ሁለቱንም ደን አሳዩአቸው።