ስለ ጨረቃ መውጣትና መግባት
(በጅቡቲ ከተማ ሰማይ ምሳሌነት ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለሁላችንም የተለመደ ስለ ሆነ፥ «ስለ ጨረቃ ደግሞ የማናውቀው ምን አለ?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ነገር ግን በጅቡቲ ከተማ የአገራችንን ልጆች አስተምር በነበረበት ጊዜ አንድ ሕፃን ያስተማረኝን ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም።

ነገሩ በመጋቢት ወር ነበር። ተማሪዎቼ የማታዋን ጨረቃ ሥለው እንዲያመጡ አዘዝሁ። ሁሉም በመጽሐፋቸው እንዳለው፥ እንደ ማጭድ የቆመች ጨረቃ ሣሉ። አንዱ ልጅ ግን እንደ ታንኳ በጀርባዋ የተኛች፥ ሁለቱ ቀንዶቿ ወደ ላይ ያመለከቱ ጨረቃ ሥሎ አመጣ። እኔም ሳልመረምር በቀይ ቀለም ሰረዝሁበት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ እንጂ አንዳች አልመለሰልኝም። በዚያው ምሽት ሙቀቱ ከቤት አውጥቶኝ በባሕሩ ዳር ስመላለስ ወደ ምዕራብ ብመለከት፥ ጨረቃ ልክ ልጁ እንደ ሣላት ተኝታ አየኋት። በማግሥቱ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን በክፍሉ ፊት ተናገርሁ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የጨረቃ ብሩህ ገጽ ዘወትር ወደ ፀሐይ የዞረ ነው። ጅቡቲ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11 ዲግሪ ተኩል ግድም ስለምትገኝ፥ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው። ለጋዋ ጨረቃም በተለይ በየካቲትና በመጋቢት ከፀሐይዋ በላይ ትውላለችና ብርሃኗ ከሥሯ ይሆናል። በመስከረም ግን ወደ ጎን ዘመም ትላለች። ፓሪስ ያለችው በ49ኛው ዲግሪ አጠገብ ስለሆነ በዚያ ጨረቃ ቆማ ትታያለች። የፈረንሳይ ልጆችም በቀንዶቿ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ጨምረው «ፔ» የሚባለውን ፊደል ከመሰለች የመጀመሪያው ሩብ፥ «ዴ» የሚባለውን ከመሰለች የመጨረሻው ሩብ ናት እያሉ ይማራሉ። ይህ ዘዴ በአገሩ መልካም ነው፤ በተኛች ጨረቃ ላይ ግን አይሠራም።

ስለ መውጫዋና ስለ መግቢያዋ ደግሞ የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከጠዋት ስለሚጀምር ለማስተማር እጅግ ይመቻል። አዲስ ጨረቃ ከፀሐይ ጋር በጠዋቱ 12 ሰዓት ግድም ወጥታ ከፀሐይ ጋር ትገባለች፤ ስለዚህ አትታይም። የመጀመሪያው ሩብ ቀን 6 ሰዓት ላይ ወጥታ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ትገባለች። ሙሉ ጨረቃ ማታ 12 ሰዓት ላይ ከምሥራቅ ወጥታ ሲነጋ ትገባለች። የመጨረሻው ሩብ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ወጥታ እኩለ ቀን ላይ ትገባለች። ጨረቃ በየቀኑ 13 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ስለምትጓዝ፥ ምድር እርስዋን ለመድረስ ጥቂት መጨመር አለባት፤ ስለዚህ መውጫዋ በአማካይ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በመጨረሻው ሩብ አጠገብም ዕለት በእኩለ ሌሊት በሚለወጥበት አቆጣጠር ጨረቃ ጨርሶ የማትወጣበት አንድ ቀን ይገኛል። ከአዲስ ጨረቃ እስከ አዲስ ጨረቃ በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው።

ብዙ ተማሪ፥ አንዳንድ ጊዜም መምህሩ፥ ጨረቃ የምትጎድለው የምድር ጥላ ስለሚጋርዳት ነው ይላል። ይህ ስሕተት ነው። የምድር ጥላ የሚያርፍባት በግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው፤ ግርዶሽዋም ሙሉ በሆነች ሌሊት እንጂ በሌላ ጊዜ አይሆንም። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በምሥራቅ አፍሪካ የታየው ሙሉ ግርዶሽ ለዚህ ማስረጃ ነው፤ ጨረቃ በጥላው ውስጥ ፈጽማ የቆየችው 82 ደቂቃ ያህል ነበር። በየወሩ የምናየው መጉደልና መሙላት ግን፥ በፀሐይ ከበራው እኩሌታዋ ለእኛ የሚታየው ክፍል ሲያንስና ሲበዛ ነው።

ከደጋ ወርዶ ጅቡቲ ለደረሰ ሰው ባሕሩ ራሱ ሌላ መምህር ነው። በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን የፀሐይና የጨረቃ ስበት ስለሚተባበር ውኃው ከሌላው ጊዜ አብልጦ ይሞላል፥ አብልጦም ይሸሻል። በሩብ ጨረቃ ሰሞን ግን ልዩነቱ ያንሳል። ተማሪው ውኃው የተወውን አሸዋ አይቶ የጨረቃን ዕድሜ ሊገምት ይችላል።

እኛም ከአባቶቻችን የተረከብነው ባሕረ ሐሳብ አለን። በ19 ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወራት እንዳሉ ያስተምራል፤ የ2018 ዓ.ም. አበቅቴ 12፥ መጥቅዕ 18 ሆኖ፥ ሁለቱ ተደምረው 30 ይሆናሉ። ነገር ግን ከ19ኙ ዓመት ይልቅ 235ቱ ወራት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚያንሱ፥ ከ300 ዓመት በላይ ሲያልፍ ልዩነቱ አንድ ቀን ይሞላል። ስለዚህ የሒሳቡ ጨረቃና የሰማዩ ጨረቃ ዛሬ በጥቂት ቀናት ይለያያሉ። ይህ የአባቶችን ጥበብ ከቶ አያሳንስም፤ ይልቁንም ያለ መነጽር ይህን ያህል መቅረባቸው ያስደንቃል። ተማሪው ግን ሁለቱንም አስተያይቶ እንዲያውቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ተማሪ ሁሉ ለአንድ ወር አንድ ደብተር ይያዝ። በየዕለቱ ጨረቃ የታየችበትን ሰዓት፥ አቅጣጫዋንና መልኳን ይጻፍ፤ ደመና የጋረዳት እንደ ሆነም «አላየሁም» ብሎ ይጻፍ። ያላዩትን አየሁ አለማለት ከትምህርቱ ሁሉ የሚበልጥ ነውና። መምህሩም ቀዩን ቀለም ከማንሣቱ በፊት ወደ ደጅ ወጥቶ ይመልከት። ያ ልጅ ሥዕሉን ባያመጣ ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ ድረስ የቆመች ጨረቃ አስተምር ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እርሱ ያየውን ነገር ለመናገር እንዳልፈራ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ፈርቶ እንደ ሆነ ግን ዕዳው የእኔ ነው።