ስላረጀ የግቢ ፍሳሽ መስመር፤ መጠገን ወይስ መለወጥ?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ በዚህ አዳራሽ ከተለመዱት ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ሊመስል ይችላል። ስለ ግድብና ስለ ድልድይ ሲነገር በዋለበት ቦታ ከመጸዳጃ ቤት ተነሥቶ እስከ አጥር ስለሚደርስ የ20 ሜትር ቧንቧ መናገር ደፋር ያሰኛል። ይሁን እንጂ መሐንዲስ መሆናችንን የሚያውቅ ዘመድና ጎረቤት ስለ ግድብ አይጠይቀንም። የሚጠይቀን «መስመሩ አርጅቷል፤ እናስጠግነው ወይስ ነቅለን እንለውጠው?» እያለ ነው።

የእኔ መልስ፣ ጥያቄው ከጊዜው ቀድሞ የመጣ ነው የሚል ነው። መስመሩ ሳይመረመር ማስጠገንም ሆነ ማስለወጥ ገንዘብን መሬት ውስጥ መቅበር ነው። የቧንቧ ዕድሜ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ፍርድ የሚሰጡት ተዳፋቱ፣ መጋጠሚያውና የተኛበት አፈር ናቸው።

በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ብዙዎቹ የፒያሳና የካዛንቺስ አሮጌ ግቢዎች ፈርሰዋል። በሌሎቹ የአዲስ አበባ ሠፈሮች ግን ብዙ አሮጌ ግቢ አለ፤ ከሥሩም እንደ ቤቱ ዘመን የሸክላ፣ የሲሚንቶ፣ የጊዛ ወይም የአስቤስቶስ ቧንቧ ይገኛል። ሸክላው ራሱ በፍሳሽ አሲድ አይበላም፤ ሳይነካ ከኖረ ከመቶ ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል። ድካሙ ያለው በአጫጭር ቁራጮች ተሠርቶ በሲሚንቶ ልስን በመጋጠሙ ነው። ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ግትር የሆነው መጋጠሚያ ይህን እንቅስቃሴ ሊከተል ስለማይችል ይሰነጠቃል፤ የባሕር ዛፍ ሥርም እርጥበቱን ተከትሎ በስንጥቁ ይገባል። የሲሚንቶ ቧንቧ ጠባይ ከዚህ ይለያል። ከፍሳሹ የሚወጣው የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ በቧንቧው ጣሪያ ላይ በባክቴሪያ አማካይነት ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጥና ከላይ ይበላዋል። ስለሆነም ታችኛውን ክፍል አይቶ ደኅና ነው ማለት አያስተማምንም።

ወደ ተዳፋቱ ልለፍ። ፍሳሽ ደረቁን ነገር ይዞ ለመሄድ በሴኮንድ ቢያንስ ወደ 0.6 ሜትር የሚደርስ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ዲያሜትሩ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ከተዘረጋ፣ ሞልቶ በሚፈስበት ጊዜ በሴኮንድ ወደ 0.9 ሜትር ይጓዛል። ዝቅታው በየሜትሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን ፍጥነቱ ከ0.5 ሜትር በታች ይወርዳል። ውሃው ይሄዳል፣ ደረቁ ይቀራል። ቅቤ ያረፈበት የድስት እጣቢና የጠላ አተላ ከዚሁ ላይ ሲጨመር መስመሩ በበዓል ማግስት መዘጋቱ አያስደንቅም። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አቃቂ ድረስ ተፈጥሮ ይህን ያህል ቁልቁለት በሰጠችው ከተማ፣ በ20 ሜትር ውስጥ 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ማጣታችን ግን ያሳዝናል።

በአንድ ግቢ ያየሁትን ልጥቀስ። ሦስት ቤተሰቦች በጋራ የሚጠቀሙበት 24 ሜትር የሸክላ መስመር ነበር። በተዘጋ ቁጥር ሠራተኛ ይጠራል፤ ሠራተኛውም ቀጭን ፌሮ አስገብቶ ይወጋዋል፤ ለሁለትና ለሦስት ወር ይከፈታል። በመጨረሻ ሁሉንም አስነቅለው በፒቪሲ ለመተካት ገንዘብ ማዋጣት ጀምረው ነበር። የሁለቱን ጫፍ ማንሆሎች ከፍተን በአንደኛው የእጅ ባትሪ አበራን፣ በሌላው መስተዋት አስቀመጥን። መስመሩ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ በመስተዋቱ ሙሉ ክብ ብርሃን መታየት ነበረበት፤ የታየው ግን ከታች የተቆረጠ ጨረቃ የሚመስል ነው። ከዚያ በየቦታው ጠባብ ጉድጓድ እየቆፈርን በግንበኛ ውሃ ልክ ስንለካ፣ 18 ሜትሩ ከነተዳፋቱ በቦታው ነበር። የሰመጠው ኋላ የመኪና መግቢያ በተሠራበት ቦታ ያለው 6 ሜትር ብቻ ነው። በግቢው የሚኖሩ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ፌሮው ምን ሲሠራ ኖሯል?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልሱ ከጉድጓዱ በወጣው ስባሪ ላይ ይታይ ነበር፤ ፌሮው የቧንቧውን ሆድ በስቶት ነበር። ስድስቱን ሜትር ብቻ ለወጥን፤ ከመኪናው ጎማ ሥር ያለውንም በኮንክሪት ሸፈንነው።

እንግዲህ የተበሳ መስመር ቢያፈስስ ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። ጉዳቱ ከሽታ ያለፈ ነው። በጠባብ ግቢ የመጠጥ ውሃው ቧንቧ ብዙውን ጊዜ ከፍሳሹ ጋር በአንድ ቦይ ጎን ለጎን ተኝቷል። ውሃ በግፊት ላይ እስካለ ድረስ፣ ቧንቧው ቢሰነጠቅ እንኳ ወደ ውጭ ያፈስሳል እንጂ ወደ ውስጥ አያስገባም። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ሠፈር ግን ግፊቱ በሳምንት ጥቂት ቀን ይጠፋል። ባዶ የሆነው ቧንቧ በዙሪያው ያለውን እርጥበት በዚያው ስንጥቅ ይስባል፤ ውሃው ሲመለስ የመጀመሪያው ባልዲ የሚሞላው በዚህ ነው። በሰሜን አሜሪካ የታወቀው የሥራ ደንብ በሁለቱ መስመሮች መካከል በአግድም 3 ሜትር ያህል እንዲራራቅ፣ በሚሻገሩበትም ቦታ ውሃው በላይ ሆኖ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖር ይጠይቃል። በእኛ ግቢ 3 ሜትር ከየት ይመጣል? ቢያንስ ግን ውሃው በላይ፣ ፍሳሹ በታች፣ በተለያየ ቦይ ይሁን። ስለዚህ አፍሳሽ መስመር ከውሃ ቧንቧ አጠገብ ከተገኘ፣ ባይዘጋም እንኳ ይለወጥ እላለሁ። ለመዘጋት ይከፈል የነበረው ገንዘብ ለዚህ ቢውል ይሻላል።

ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። የታችኛውን ጫፍ ደፍኖ መስመሩን በውሃ ሞልቶ ግማሽ ሰዓት መጠበቅና ውሃው ምን ያህል እንደወረደ ማየት ነው። ካሜራ የሚያስገባ ድርጅት ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘም ባልዲና መስተዋት አይታጣም።

መስመሩ በብዙ ቦታ ከሰመጠ ወይም የሲሚንቶው ጣሪያ ካለቀ መለወጡ ግድ ነው። አሁን በአንዳንድ አገሮች ሳይቆፈር በአሮጌው ውስጥ አዲስ ሽፋን ማልበስ ተለምዷል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሆኖም ሽፋኑ የአሮጌውን ጉብጠት ተከትሎ ስለሚተኛ የጠፋን ተዳፋት አይመልስም። በቁፋሮ የሚሠራ ከሆነ፣ ፒቪሲው በ10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ይተኛ፤ በዋልካ መሬት ደግሞ ዋልካው በጥልቀት ወጥቶ በተመረጠ አፈር ይተካ። መጋጠሚያው በጎማ ቀለበት ይሁን፤ ጎማው ጥቂት ያንቀሳቅሳል፣ ሲሚንቶ ግን አያንቀሳቅስም። አሮጌው የአስቤስቶስ ቧንቧ ከሆነ በደረቁ በመጋዝ አይቆረጥ፤ ብናኙ ሳንባን ይጎዳል። እየረጠበ ይነሣ ወይም ባለበት ይቅር።

አንድ ነገር አጥብቄ ማሳሰብ እወዳለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ሰው ይሞታል። በማንሆልና በሴፕቲክ ታንክ ውስጥ የሚከማቸው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጥቂቱ ሲሆን የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ኃይልን ያደነዝዛል። «ሽታው ጠፋ» ብሎ የወረደ ሠራተኛ እዚያው ይወድቃል፤ እርሱን ለማውጣት የገባው ሁለተኛው ሰውም ይከተለዋል። ክዳኑን ከፍቶ ማናፈስ በቂ ዋስትና አይደለም። ጋዙ በመሣሪያ ሳይለካ፣ ወገቡ በገመድ ሳይታሰርና ገመዱን የሚይዙ ሰዎች በላይ ሳይቆሙ ማንም አይውረድ። ለቀን ሠራተኛ ጥቂት ብር ጨምሮ «ግባ» ማለት ከእኛ ሙያ ጋር አይሄድም።

በቀሩት ነጥቦች ላይ ብዙ አልቆይም። የጣሪያ አሸንዳ ከፍሳሽ መስመር ጋር መቀጠል የለበትም፤ በሐምሌና በነሐሴ ማንሆሎች በየመንገዱ የሚፈነዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከከተማው ዋና መስመር ጋር መቀጠልም በውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ፈቃድ እንጂ በሌሊት አይሠራም። የጋራ ግቢ ወጪን በተመለከተ፣ ከላይ ያለው ቤት «የእኔ አልተዘጋም» እያለ ሲያመልጥ አይቻለሁ፤ የእርሱ ፍሳሽ የሚያልፈው በታችኛው ጎረቤቱ ደጅ መሆኑን መለኪያው ካሳየው በኋላ ግን ክርክሩ ይቀንሳል።

ቦዩ ከመደፈኑ በፊት መስመሩ በወረቀት ላይ ይሣል። እያንዳንዱ ማንሆል ከቤቱ ማዕዘንና ከበሩ ምሰሶ ያለው ርቀት፣ ጥልቀቱም በሴንቲ ሜትር ይጻፍ። አንድ ቅጂ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ይሰጥ፤ አንዱም በፕላስቲክ ተሸፍኖ በውሃ ቆጣሪው ሳጥን ክዳን ውስጥ ይለጠፍ።