ኦክስጅን የሞት ምልክት አይደለም

እኛ እዚሁ ሐዋሳ በሕፃናት ሕክምና የምንሠራ ነርሶች ነን። በሌሎች አገሮች የታማሚን አተነፋፈስ ብቻ የሚከታተል ባለሙያ አለ። በአገራችን ይህን ሥራ በአብዛኛው የምንሸከመው እኛ፣ ከሐኪሞችና ከሰመመን ሰጪዎች ጋር ሆነን ነው።

ልጁ ሳንባ ምች ይዞት፣ ደረቱ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ ይመጣል። ጣቱ ላይ የምናደርጋት መለኪያ የደሙ ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች መሆኑን ካሳየችን ቱቦውን ለማድረግ እንቸኩላለን። ይኼኔ አያት ማልቀስ ትጀምራለች። አባት ደግሞ «ይህማ ለሚሞት ሰው የሚደረግ ነው፤ አጀሉ ደርሷል፤ ወደ ቤት እንውሰደው» ይላል። ዞር ስንል ቱቦውን የነቀሉም አጋጥመውናል።

ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኦክስጅን በጥቂቱ ይገኝ በነበረበት ጊዜ በጣም ለተዳከመ ሰው ይቆጠብ ነበር። ሰዉ ያየው ከቱቦው ቀጥሎ የመጣውን ሞት ነው። የጎዳው ግን ቱቦው ሳይሆን መዘግየቱ ነበር።

የባንግላዴሹ ሐኪም ዶክተር ሞሐመድ ጆባየር ቺሽቲ እ.ኤ.አ. በ1996 ገና ተለማማጅ ሳሉ፣ በአንድ ሌሊት ሦስት ሕፃናት በሳንባ ምች ሲሞቱ አዩ። ለዓመታት መላ ሲፈልጉ ቆይተው ባዶ የሻምፑ ጠርሙስ ተጠቀሙ። ልጁ የሚያስወጣው አየር በቱቦ አልፎ ጠርሙሱ ውስጥ ባለው ውኃ አረፋ እየሠራ ሲወጣ የሚፈጠረው ግፊት፣ በሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች እንዳይዘጉ ይረዳል። ዘዴው በኢትዮጵያ በ12 አጠቃላይ ሆስፒታሎች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። ሕክምናው ያልሠራላቸው ሕፃናት በተለመደው መንገድ ኦክስጅን ከተሰጣቸው በእጅጉ ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ቱቦ የተደረገለት ሁሉ ይድናል አንልም። አጀል በአላህ እጅ ነው። ነገር ግን የልጁ አጀል መድረስ አለመድረሱን ቱቦ በመንቀል አናውቅም። ሰበብ ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው፤ ተወኩልም ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ልጅ ሲያስለውና ትንፋሹ ሲፈጥን ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እዩ። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ሥር ከተሰረጎደ ነገ አትበሉ፣ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም አምጡት። ቱቦው ሲደረግለት አጠገቡ ሆናችሁ ዱዓ አድርጉ፤ እጁ እንዳይነቅለውም ያዙልን። ያኔ ሥራችንን አብራችሁን ሠራችሁ ማለት ነው።